ፎርሙ ከተሞላ በኋላ ወዴት ይሄዳል?



ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ቁልፍ ነው። ድርጅት ድረ ገጽ ሲያሠራ «ያግኙን» የሚል ገጽ አይቀርም። እዚያ ላይ የስም፣ የስልክና የመልእክት መሙያ ሣጥኖች ይደረደራሉ፤ ከግርጌያቸው «ላክ» የሚል ቁልፍ ይቀመጣል። እንግዳው ሞልቶ ሲጨርስ ይጫነዋል። የጻፈው ነገር ወዴት ሄደ? በየድረ ገጹ እየገባሁ ስሞክር ደጋግሜ ያገኘሁት መልስ «የትም» የሚል ነው። ሠሪው ሣጥኖቹን አሳምሮ ደርድሯል፣ ቁልፉን ቀለም ቀብቷል፣ ተቀባዩን ግን አላበጀም። አስረካቢው አልሞከረውም፤ ተረካቢውም አልጠየቀም። እንግዳው «መልስ ነፈጉኝ» ብሎ ይሄዳል፤ ባለቤቱ ደግሞ «ማንም አልጻፈልንም» ብሎ ይቀመጣል።

ይህ ነገር አጥብቆ የሚጎዳው እንደኛ ከማዕከል የራቀውን ነው። አዲስ አበባ ያለ ቡና ላኪ ቢሮውን ከፍቶ ቢቀመጥ ገዢ በእግሩ ይመጣለታል። ሚዛን፣ ሸኮ ወይም ቴፒ ያለ የቡና ማኅበር ጋ ግን ገዢ የሚደርሰው አስቀድሞ ሲጻጻፍ ነው። ስማችን እንደሆነ ከእኛ ቀድሞ ዓለምን ዞሯል። የጌሻ ቡና ዘር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከዚሁ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ተለቅሞ፣ በኬንያና በታንዛኒያ በኩል አልፎ፣ በ1953 ኮስታሪካ ገባ። ከዚያ ወደ ፓናማ ተሻገረ፤ በ2004 የፓናማ የቡና ውድድር ላይ ኤስሜራልዳ የተባለው እርሻ ይዞት ሲቀርብ ቀማሾቹን ሁሉ አስደነቀ። ዛሬ ሴኡል ወይም ኮፐንሃገን ያለ ቡና የሚቆላ ነጋዴ የጌሻን፣ የበበቃን፣ የቴፒን ስም ያውቃል። በቀድሞው ቤንች ማጂ ዞን የለማው ጌሻ ቪሌጅ ምርቱን በራሱ የኢንተርኔት ጨረታ ይሸጣል፤ ለዚያ የሚሆን አቅም ያለው እርሻ ነው። የሸኮ መሠረታዊ ማኅበር ጨረታ ባያዘጋጅም፣ «ናሙና ላኩልኝ» የሚል ሰው የሚጽፍበትና የጻፈውም የሚደርስበት አንድ ቦታ ያስፈልገዋል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር። ፎርም ሁለት ወገን አለው። አንዱ ዓይናችን የሚያየው፣ ሣጥኖቹና ቁልፉ ነው። ይህ በኤችቲኤምኤል ይጻፋል፤ ከመካከላችሁ የተማረ ወጣት በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል። ሁለተኛው ወገን የተላከውን የሚቀበለው ነው። በተለመደው አሠራር ተቀባዩ ሰርቨር ላይ የሚቀመጥ፣ በፒኤችፒ ወይም በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ነው። የመጣለትን ይመረምራል፣ ዳታቤዝ ውስጥ ያሰፍራል፣ ለባለቤቱ ኢሜይል ያደርጋል። መልካም ነገር ነው፤ ግን ጠባቂ ይፈልጋል። በየጊዜው ካልታደሰ ሰርጎ ገቦች ይገቡበታል። የሆስቲንግ ክፍያውም ዓመት በመጣ ቁጥር ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም በውጭ ምንዛሪ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1995 ማት ራይት የተባለ አሜሪካዊ ወጣት ፎርምሜይል የሚባል ፕሮግራም በፐርል ቋንቋ ጽፎ በነጻ ለቀቀ። ፎርም ላይ የተሞላውን ወደ ኢሜይል የሚቀይር ነበርና በየአገሩ ተጠቀሙበት። ችግሩ የተቀባዩ አድራሻ የሚጻፈው ፎርሙ ራሱ ላይ መሆኑ ነበር። ስፓም የሚባለውን ያልተፈለገ መልእክት የሚበትኑ ሰዎች አድራሻውን እየቀየሩ፣ በማያውቁት ሰው ሰርቨር በኩል መልእክታቸውን ለዓለም አዘነቡ። ባለ ሰርቨሩ ምንም ሳያውቅ ስሙ በስፓም ላኪነት ተመዘገበ። ይህን የማነሣው ሰርቨር ላይ ፕሮግራም ማስቀመጥ ኃላፊነት መሸከም መሆኑን ለማሳየት ነው። ኮምፒውተር የሚያውቅ ቋሚ ሠራተኛ የሌለውን ማኅበር «ይህን ተሸከም» ማለት ደግ ምክር አይደለም።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው፦ ገጻችሁ ፋይል ብቻ የሚያስቀምጥ፣ የተጠየቀውን ገጽ ከመስጠት በቀር ሌላ ሥራ የሌለው ሰርቨር ላይ ይቀመጥ። ይህ በነጻ ይገኛል፤ ጊትሀብ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ይሰጠዋል። ፎርሙ ላይ የተሞላው ደግሞ ወደ ኢሜይል ይምጣ። የምትጽፉትም የምትጠብቁትም ፕሮግራም አይኖርም። የሚያስፈልጋችሁ ኢሜይሉን ከፍቶ የሚመልስ ሰው ነው፤ ስለ እርሱ በኋላ አጥብቄ እናገራለሁ።

ኢሜይል ለምን? በአገራችን ኢሜይል ከድረ ገጽ ይቀድማል። ኢትዮጵያ ውስጥ የኢንተርኔት አገልግሎት የተጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ አስቀድሞ ግን አዲስ አበባ ባለው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ ፓዲስ የሚባለው ክፍል ፊዶኔት በተባለ ሥርዓት ኢሜይል ያመላልስ ነበር። መልእክቱ ኮምፒውተር ውስጥ ተጠራቅሞ ይቆያል፤ በስልክ መስመር ሲደወል የተጠራቀመው ባንድ ጊዜ ይሄዳል፣ የመጣውም ይገባል። ኢሜይል እስከ ዛሬ ጠባዩ ያው ነው። መስመር ቢጠፋ ይጠብቃል፤ ሲመለስ ይሄዳል። ዝናብ በበረታ ቁጥር መብራትና ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት አካባቢ ከዚህ የሚስማማ ጠባይ አላውቅም።

ቀላሉ መንገድ ሜይልቱ ይባላል። በፎርሙ ኮድ ውስጥ፣ የተሞላው ነገር ወዴት እንደሚላክ የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ አክሽን ይሉታል። እዚያ ላይ በሰርቨር አድራሻ ፋንታ ሜይልቱ ተብሎ የማኅበሩ የኢሜይል አድራሻ ይከተላል። እንግዳው «ላክ» ሲል የራሱ የኢሜይል አፕ ይከፈታል፤ የሞላው ሁሉ እዚያ ተጽፎ ይጠብቀዋል፤ ለእርሱ የሚቀረው መላክ ብቻ ነው። መልእክቱ ከገዛ አድራሻው ስለሚመጣ መልስ ለመስጠት አያስቸግርም፤ የላከውም ቅጂ እርሱ ጋ ይቀራል። ገጹ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ኔትወርክ ቢጠፋ እንኳ፣ ስልኩ ላይ ጂሜይል ካለ መልእክቱ ተራውን ይዞ ቆይቶ መስመር ሲመለስ ይሄዳል። በሰርቨር በኩል የሚላክ ፎርም ግን በዚያች ቅጽበት መስመር ካጣ ስህተት ያሳያል፤ ሰውየው የጻፈውም ሊጠፋ ይችላል።

እዚህ ላይ ኮምፒውተር ለተማራችሁት ወጣቶች ሁለት ነገር ጠበቅ ላድርግ። አንደኛው፣ ፎርሙ መልእክቱን በተራ ጽሑፍ እንዲልክ መታዘዝ አለበት፤ ኢንክታይፕ በሚባለው ቦታ ቴክስት ፕሌይን ተብሎ ይጻፋል። ይህ ከተረሳ ፊደላችን በቁጥርና በፐርሰንት ምልክት ተለውጦ ሊመጣ ይችላል፤ አንባቢው ምንም አይጨብጥም። ደግሞ ለእያንዳንዱ ሣጥን በኮዱ ውስጥ የምትሰጡት ስም ኢሜይሉ ላይ የሚታየው ስም ነው። «ሣጥን አንድ፣ ሣጥን ሁለት» ብላችሁ ከሰየማችሁ የሚደርሰው ደብዳቤም ያንኑ ይላል፤ ቢሮ የተቀመጠችው ጸሐፊ የትኛው ስልክ፣ የትኛው ብዛት እንደሆነ በግምት ልትለይ ነው። «የቡና ዓይነት»፣ «ብዛት በኪሎ» ብላችሁ ሰይሙት። የኢሜይሉንም ርዕስ አስቀድማችሁ ወስኑለት፤ «የናሙና ጥያቄ» ከተባለ የኢሜይል አፑ እንዲለይ ስታዙት አንድ ቦታ ያጠራቅምላችኋል።

ሁለተኛው ርዝመት ነው፤ ይህን ማንም ሲናገረው አልሰማሁም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት ውስጥ ከገባ ወዲህ ስልኩም ኮምፒውተሩም ያነበዋል፤ ተመስገን ነው። ሜይልቱ ግን የተሞላውን የሚያሳልፈው እንደ ድረ ገጽ አድራሻ አድርጎ ነው። በአድራሻ ውስጥ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ምልክት ሲይዝ አንድ የኛ ፊደል 9 ምልክት ይይዛል። «ሸኮ» የሚለው ባለ ሁለት ፊደል ስም ብቻውን 18 ምልክት ይሆናል ማለት ነው። አንዳንዱ ብሮውዘርና የኢሜይል አፕ ወደ 2,000 ምልክት ሲጠጋ ይቆርጣል ወይም አልከፍትም ይላል። 2,000ን ለ9 አካፍሉት፤ 220 ፊደል ግድም ነው፤ አርባ፣ ቢበዛ አምሳ ቃል። በእንግሊዝኛ ሞክሮ «ይሠራል» ያለ ባለሙያ ይህን አያየውም። የሚያየው በአማርኛ ሦስት አንቀጽ አቤቱታ የጻፈ አርሶ አደር ነው። ስለዚህ የሜይልቱ ፎርም አጭር ይሁን፤ ዝርዝሩን እንግዳው የኢሜይል አፑ ከተከፈተለት በኋላ እንዲጨምር በአንድ መስመር ንገሩት።

ድክመቱም የታወቀ ነው። ኢንተርኔት ቤት ባለ ኮምፒውተር ላይ የኢሜይል አፕ ካልተዘጋጀ ቁልፉ ሲጫኑት ዝም ይላል። እንግዲያውስ ከፎርሙ ሥር አድራሻውና የቢሮው ስልክ በግልጽ ይጻፍ። ገጽ ላይ የተጻፈ አድራሻ በስፓም ለቃሚዎች ዓይን ውስጥ መግባቱ እውነት ነው። ቢሆንም የስፓም ማጣሪያዎች አብዛኛውን ያስቀሩታል፤ አድራሻ ደብቆ ገዢ ከማጣት ስፓም መሰረዝ ይሻላል።

ሌላው መንገድ አስተላላፊ መጠቀም ነው። ፎርምስፕሪን የመሰሉ ድርጅቶች የራሳቸውን ሰርቨር ለዚሁ ሥራ አቁመዋል። አክሽኑ ላይ እነርሱ የሰጧችሁን አድራሻ ትጽፋላችሁ፤ እንግዳው ሲልክ ተቀብለው ወደ ኢሜይላችሁ ያስተላልፋሉ። ጥቂት መልእክት በነጻ ነው፤ ሲበዛ ያስከፍላሉ። እንግዳው የኢሜይል አፕ አያስፈልገውም፤ የ220 ፊደሉ ገደብም የለም። እንደ ፎርምሜይል ሳይሆን የተቀባዩን አድራሻ እነርሱ ጋ አስመዝግበው ይይዙታል፤ የእናንተ መሆኑንም በኢሜይል ያረጋግጣሉ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ደብዳቤው የሚመጣው ከአስተላላፊው አድራሻ ነው። የእንግዳው ኢሜይል የሚሞላበት ሣጥን እነርሱ ባዘዙት ስም ካልተሰየመ «ሪፕላይ» ብላችሁ የጻፋችሁት መልስ ገዢው ጋ አይደርስም። በሮቦት የሚሞላውን ለመከላከልም ጥሩ ዘዴ አለ። ሰው የማያየው አንድ ሣጥን ፎርሙ ውስጥ ይሸሸጋል፤ ሮቦት ያገኘውን ሁሉ ስለሚሞላ ያ ሣጥን ተሞልቶ ከመጣ መልእክቱ ይጣላል። እንግዳን «የትራፊክ መብራት ያለበትን ሥዕል ምረጥ» ከማለት ይህ ይመረጣል፤ ደካማ ኔትወርክ ላይ ሥዕሉ ራሱ አይከፈትማ።

ነገር ግን አስተላላፊ መጠቀም ደብዳቤ በአውቶቡስ ረዳት እጅ እንደ መላክ ነው፤ ይደርሳል፣ ረዳቱ ግን ከፍቶ ማየት ይችላል። በገዛ ደብዳቤያችን ይሁን ብንል እንኳ ይህ የሌላ ሰው ስምና ስልክ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ ለታወቀ ዓላማ ብቻ፣ ለዓላማው በሚበቃ መጠን ብቻ እንዲሰበሰብ ያዛል። ከአገር ውጭ የሚሻገር መረጃንም ይመለከታል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ የናሙና ጥያቄ በአስተላላፊ ቢመጣ አይከፋም። የአባላትን የፋይዳ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ፣ የሕክምና ማስረጃ ግን በእንዲህ ያለ ፎርም አትጠይቁ። ኢሜይል በየኮምፒውተሩና በየስልኩ ቅጂው የሚቀር ነገር ነው።

ጉግል ፎርምንም ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ መልሶቹን በሰንጠረዥ ስለሚያስቀምጥ ለሥልጠና ምዝገባ እመርጠዋለሁ። አዲስ መልስ ሲመጣ በኢሜይል እንዲያሳውቅ ግን ባለቤቱ ራሱ ማብራት አለበት፤ ካልበራ መልሶቹ እዚያው ተኝተው ይቀራሉ። ፋይል እንዲያያዝ ከጠየቃችሁ ደግሞ የሚሞላው ሰው በጉግል አካውንት እንዲገባ ይገደዳል።

አሁን ፎርሙ ወደሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ልምጣ፤ እኔን ከቴክኒኩ ይልቅ የሚያሳስቡኝ እነርሱ ናቸው። ከውጭ ተገልብጦ የመጣ ፎርም የመጀመሪያ ስምና የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። የእኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም፤ አንዱ የአባቱን ይጽፋል፣ ሌላው የአያቱን፣ ሌላው ይተወዋል። ፎርሙ ላይ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብላችሁ ጠይቁ፤ ለውጭ ገዢ በእንግሊዝኛ በሚዘጋጀው ግን ሙሉ ስም የሚል አንድ ሣጥን ይበቃል። ኢሜይል የግድ ይሞላ የሚል ትእዛዝ ኢሜይል የሌለውን አርሶ አደር በር ላይ ይመልሰዋል፤ ለአገር ውስጥ ሰው የግዱ ስልክ ይሁን። ስልኩም በ09 ብቻ ሳይሆን በ07 የሚጀምረውንም ይቀበል። የቀን መምረጫው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ስለሚያሳይ «መስከረም 5» ለማለት የፈለገ ሰው ሌላ ቀን መርጦ ይሄዳል፤ ቀኑን በጽሑፍ አስሞሉት።

ብዛት የሚለው ሣጥን ላይ ደግሞ ልብ አድርጉ። ሰው «20» ብሎ ቢጽፍ ሃያ ምን? ኪሎ ነው? እያንዳንዱ 17 ኪሎ የሆነው ፈረሱላ ነው? ኩንታል ነው? ወይስ ወደ ውጭ የሚላከው ባለ 60 ኪሎ ጆንያ? በአንድ ፈረሱላና በአንድ ኩንታል መካከል ያለው ልዩነት 83 ኪሎ ነው። መለኪያውን ከሣጥኑ አጠገብ ጻፉት። እንዲሁም ጀንፈል ይሁን የታጠበ ይለይ፤ «ቡና» ብቻ ብሎ የጻፈ ገዢ ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ያጻጽፋችኋል።

አንዳንዶቻችሁ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣውን የደን ጭፍጨፋ ደንብ አንሥታችሁ «የአባሎቻችንን መሬት መገኛ በፎርም እንሰብስብ» ትላላችሁ። ደንቡ ከ4 ሄክታር ለማይበልጥ ማሳ አንድ ነጥብ፣ ከነጥቡ በኋላ ስድስት አኃዝ ባለው ኬክሮስና ኬንትሮስ ይበቃል ይላል። ይህን አርሶ አደሩ በጣቱ እንዲጽፍ አታድርጉ። ከስድስቱ አኃዝ የመጀመሪያው ብቻ በአንድ ቢሳሳት ማሳው አሥር ኪሎ ሜትር ግድም ርቆ ሌላ ቀበሌ ውስጥ ይገኛል። ማሳው ላይ ቆሞ በስልክ የሚመዘግብ የሠለጠነ ሰው ላኩ። ኢሜይል ለሁሉ ነገር መድኃኒት ነው አላልኩም።

«ሁሉም ሰው ቴሌግራም ላይ አይደለም ወይ?» የምትሉም አላችሁ። ነው። ለአባላት ወሬ፣ ለስብሰባ ጥሪ ቴሌግራም ይበልጣል። የገዢ ጥያቄ ግን በአንድ ሠራተኛ የግል ስልክ ላይ ከገባ ያ ሠራተኛ ሲለቅ አብሮ ይወጣል።

እዚህ ላይ ነው ኢሜይሉን ከፍቶ ስለሚመልሰው ሰው የምናገረው። ኢሜይሉ በማኅበሩ ስም ይከፈት፤ የሥራ አስኪያጁ ወይም የልጁ የግል አድራሻ አይሁን። የይለፍ ቃሉ ታሽጎ ከማኅተሙ ጋር ይቀመጥ፤ ርክክብ ሲደረግ እንደ ንብረት በዝርዝር ተጽፎ ይተላለፍ፤ በዚያው ቀንም ይቀየር። ጠዋት ጠዋት ከፍቶ የሚያነብ፣ የስፓሙንም ክፍል የሚያይ፣ በስም የተመደበ ሰው ይኑር፤ እርሱም ተተኪ ይኑረው። እሸት በሚለቀምበት ሰሞን ሁሉም ሰው ማጠቢያና ማድረቂያ አልጋ ላይ ነው፤ ቢሮው ባዶ ይሆናል። የገዢ ጥያቄ የሚበዛውም ያኔ ነው። ናሙና የጠየቀ ነጋዴ ለእናንተ ብቻ አልጻፈም፤ ለይርጋጨፌም፣ ለጉጂም፣ ለኮሎምቢያም ጽፏል፤ ቀድሞ ከመለሰለት ጋር ይነጋገራል። ናሙናው ገና ባይደርስ እንኳ «ደርሶናል፤ በዚህ ቀን እንልካለን» የሚል ሁለት መስመር መልስ በዕለቱ ይሂድ። ከእኛ ማኅበራት የሚጎድለው ኮድ ሳይሆን ይህ ሁለት መስመር ነው ብዬ በሙሉ ልቤ አምናለሁ። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ተምረው እንግሊዝኛውንም ኮምፒውተሩንም የያዙ ልጆች አጠገባችሁ አሉ፤ ለአንድ ማኅበር ሙሉ ደመወዝ ቢከብድ ሦስት ማኅበር ተባብሮ አንድ ልጅ ይቅጠር።

ድረ ገጽ ያላችሁ ሰዎች ስልካችሁን አውጡ። «ያግኙን» የሚለውን ገጽ ክፈቱና በአማርኛ፣ ረዘም አድርጋችሁ ሞልታችሁ «ላክ» በሉ። ከዚያ የማኅበሩን ኢሜይል የሚከፍተው ሰው ጋ ደውሉና ምን እንደደረሰው በስልክ ያንብብላችሁ። ያልደረሰው ካለ ወደ ፊት ይምጣ፤ ኮዱን እዚሁ አብረን እንከፍተዋለን።